የፊልሳን ደመወዝ

ፊልሳን ዒጋል ስልክ መመለስ የጀመረችው ታይዋን ከሚባለው የድሬዳዋ ገበያ ለመውጣት ብላ ነው። እዚያ ገበያ ውስጥ የአጎቷን ሱቅ ይዛ የሞባይል ሽፋንና ቻርጀር ትሸጥ ነበር። ሱቁ ቆርቆሮ ነው፤ በሩም ወደ ምዕራብ ስለሚያይ ከቀትር በኋላ ፀሐይዋ ከደንበኛ ቀድማ ገብታ ትቀመጣለች። ፊልሳን ላቧን እየጠረገች ከአንዱ በሶማልኛ፣ ከሌላው በኦሮምኛ፣ ከመሀል አገር ከመጣው ነጋዴ ጋር ደግሞ በአማርኛ ስትከራከር ትውላለች። አንድ ቀን ሦስት ሰው በሦስት ቋንቋ ስታስተናግድ ቆሞ ያያት ገዢ፣ «አንቺ ልጅ፣ ለገሃር አካባቢ በስልክ ገንዘብ የሚያስተላልፍ ድርጅት ሰው እየቀጠረ ነው፤ ሄደሽ ለምን አትሞክሪም?» አላት። በማግስቱ ሱቁን ዘግታ ሄደች።

የፈተናት ሰውዬ «የአፍ መፍቻ ቋንቋሽ የቱ ነው?» ብሎ ሲጠይቃት፣ «የደወለው ማን ነው?» ብላ መልሳ ጠየቀችው። ሰውዬው ሳቀና ቀጠራት። ያኔ ገና ሃያ አራት ዓመቷ ነበር።

የጥሪ ማዕከል የሚሉት አንድ ረጅም ክፍል ነው። አርባ ያህል ሰው ማዳመጫ ጆሮው ላይ ደፍቶ ጎን ለጎን ይቀመጣል። ጣሪያው ላይ አራት ማራገቢያ አለ፤ ከአራቱ ሁለቱ ይሠራሉ። ከጎኗ የምትቀመጠው በለጠች የምትባል የከዚራ ሰፈር ልጅ ነበረች፤ አያቷ የምድር ባቡር መካኒክ፣ አባቷም የባቡር ትኬት ቆራጭ ነበሩ። በለጠች ሶማልኛ አይሆንላትም እንጂ ኦሮምኛዋ እንደ ውሃ ነው። ሁለቱ ባንድ ሳምንት ውስጥ የልብ ወዳጅ ሆኑ። በሮመዳን ከሰዓት በኋላ የፊልሳን ጉሮሮ ሲደርቅ በለጠች ጥሪዎቿን ትሻማላታለች። ለፋሲካ የበለጠች ተራ ሲደርስ ደግሞ ፊልሳን ትገባላታለች። ሰዳቢ ደንበኛ ሲመጣ አንዷ ለሌላዋ በዓይኗ ትጠቁማለች፤ ማይኩን አጥፍተው ይሳሳቃሉ።

ፊልሳን ስሟ የታወቀው ለዒድ ዋዜማ በደረሰው ጣጣ ነው። ድርጅቱ ሲስተሙን ሲያድስ የምስራቁ ክፍል ደንበኞች ሁሉ ሒሳባቸው ዜሮ ሆኖ ታያቸው። ለልጆቹ ልብስ ሊገዛ የወጣው፣ በግ ሊገዛ የወጣው ሁሉ ስልኩን ከፍቶ ባዶ ሲያይ የገበያው ሰፈር መጋላ በአንድ እግሩ ቆመ። ገንዘብ የሚያወጡ ወኪሎች ሱቆች ፊት ሰው መሰብሰብ ጀመረ። የክፍሉ ኃላፊ አዲስ አበባ ስብሰባ ላይ ነበር፤ ሲደወልለት «ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን መልሱ» አለ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው «ስለ ትዕግስትዎ እናመሰግናለን» የሚል ነበር።

ፊልሳን ወረቀቱን ወደ ጎን አደረገችው። ለደንበኛ መንገር የተከለከለውን የራሷን ስም እየተናገረች፣ «እኔ ፊልሳን እባላለሁ። ገንዘብህ አለ። የጠፋው ቁጥሩ ነው፤ ገንዘቡ አልጠፋም። ነገ ካልተመለሰ እኔን ፈልገኝ» ማለት ጀመረች። በለጠችም ያንኑ በኦሮምኛ ተከተለች፤ ከዚያ ክፍሉ በሙሉ። የሰማው ላልሰማው ነገረ። ሰው ከወኪሎቹ ደጅ ተበተነ። በማግስቱ ሒሳቡ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲደውል «ፊልሳንን አገናኙኝ» ማለት አመጣ።

ኃላፊው ብዙም ሳይቆይ ሥራውን ለቀቀ፤ ፊልሳንም «ተጠባባቂ» ተባለች። ተጠባባቂ ማለት ሥራው ያንቺ ነው፣ ወንበሩ ግን ያንቺ አይደለም ማለት ነው። የተረኛ ድልድሉን ታወጣለች፣ አዲስ ሰው ታሠለጥናለች፣ የባሰበትን ደንበኛ ራሷ ታናግራለች። በወሩ መጨረሻ ላይ ደግሞ ትንሽ የውክልና አበል ጣል ይደረግላታል። እንዲህ ሆና ሦስት ዓመት አለፋት። እናቷ ካፊያ «መቼ ነው ሹመቱ የሚጸናልሽ?» ብላ ስትጠይቃት «ኢንሻአላህ፣ ሆዮ» ትላለች፤ ሆዮ በሶማልኛ እናቴ ማለት ነው። አባቷ የጅቡቲ መንገድ ሹፌር የነበረ፣ በዚያው መንገድ የቀረ ሰው ነው፤ ቤቱ ያለው በእሷ ነው።

በአራተኛው ዓመት ቦታው ስሙ ተለወጠ። «ዋና የደንበኞች አገልግሎት መኮንን» የሚባል መደብ ወጣ፤ ዓለምሰገድ የሚባል ሰው ከአዲስ አበባ ተሹሞ መጣ።

ዓለምሰገድን ልትጠላው ፈልጋ ነበር፤ አልቻለችም። ሰውዬው ትሑት ነው፣ ያዳምጣል፣ የማያውቀውን ይጠይቃል። በመጀመሪያው ቀን «አንተ» ስትለው ትንሽ ደንገጥ አለ። «ድሬዳዋ ነህ፤ እዚህ እርስዎ የሚባለው የተጣሉት ሰው ነው» አለችው። ሳቀ፤ ከዚያ በኋላ ራሱም ለምዶት ጽዳት ሠራተኞቹን ሳይቀር አንተ እንዲሉት ለመነ። የቆሙትን ሁለት ማራገቢያዎች አሠራ። ምን ብላ ትጥላው?

አንድ ረፋድ ሁለቱ ወኪሎችን ሊጎበኙ በእሱ መኪና ወደ መጋላ ይሄዱ ነበር። የደቻቱን ወንዝ በሚሻገሩበት ድልድይ ላይ ስልኩ ጠራ፤ የደወለው የባንክ ሠራተኛ ነው፤ ዓለምሰገድ ለቤት መግዣ ብድር ጠይቋል። ድምፁ በመኪናው ስፒከር ሞልቶ ወጣ።

«የወር ደመወዝዎን ያረጋግጡልኛል?»

«ሁለት መቶ ስልሳ ሺህ» አለ ዓለምሰገድ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ። «የቤትና የነዳጅ አበል ለብቻ ነው። ዓመታዊ ጉርሻም አለ።»

ፊልሳን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ከታች ወንዙ ደርቆ አሸዋው ላይ ሰው እንደ መንገድ ይመላለስበታል። የእሷ ተደማምሮ አሥራ አራት ሺህ ነበር። ከዚያች ቅጽበት በፊት አሥራ አራት ሺህ ትንሽ መሆኑን ታውቃለች፤ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ግን አታውቅም ነበር። የገረማት ቁጥሩ ብቻ አልነበረም። ሰውዬው እሷ እየሰማች መናገሩን ከምንም አለመቁጠሩ ነው።

ወኪሎቹን ጎብኝተው ሲመለሱ መታገሥ አልቻለችም።

«አንተ፣ ልጠይቅህ። ያን ሁሉ ገንዘብ የሚሰጡህ ለምንድን ነው?»

ዓለምሰገድ አልተቆጣም። መኪናውን ጥላ ፈልጎ አቆመና አሰበ።

«እውነቱን ልንገርሽ? ከአንቺ የበለጠ ስለምሠራ አይደለም። እዚህ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ይህን ያህል ይከፈለዋል፤ ገበያው ነው።»

«የትኛው ገበያ? ቀፊራ?»

እሱ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ለአንድ ሰው ካልነገረች የምትፈነዳ መሰላት፤ ለበለጠች ነገረቻት። በለጠች መጀመሪያ አላመነችም፤ ከዚያ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ባንድ ጊዜ ቆመ። «ባለፈው የትራንስፖርት አበል ስንጠይቅ በጀት የለም ያሉን እኮ ለዚህ ነው» አለች። «አቦ፣ እኔ በወር አንዴ ሥጋ ልግዛ ወይስ አልግዛ እያልኩ ከራሴ ጋር እጣላለሁ።» ከዚያ ለማንም እንዳይናገሩ ተማማሉ። ክፍሉ ቢሰማ ነገ ስልክ የሚያነሳ አይኖርም።

ዓለምሰገድ ሁለት ዓመት አልሞላውም። የተሻለ የሚከፍለው ባንክ ወሰደው። በስንብቱ ቀን ፊልሳንን ለብቻዋ ጠርቶ፣ «ቦታውን ጠይቂ» አላት። «ስትጠይቂ ደግሞ የእኔን ደመወዝ ጠይቂ። በግማሽ ከተስማማሽ ዕድሜሽን ሙሉ ተጠባባቂ አድርገው ነው የሚያዩሽ። አደራሽን።» ምክሩ ከልብ ነበር። ፊልሳን ኋላ ላይ ብዙ ጊዜ አስባዋለች፤ ክፉ ቢመክራት ኖሮ ይሻላት ነበር።

አዲስ አበባ ሄደች። ዋና ሥራ አስኪያጁ አቶ ወልደ ማርያም የትም ሲመጡ ቸኩለው የሚመጡ፣ ሲቀመጡ ግን ጊዜ የማይጠብባቸው ሽማግሌ ናቸው። በመንገዱ ሁሉ ስታጠናው የመጣችውን ንግግር ገና ሳትጨርስ፣ «ተስማምቻለሁ» አሏት።

«ሙሉውን?»

«ሙሉውን። አበሉም ጉርሻውም እንዳለ።»

ፊልሳን ለክርክር ያሰናዳችው ሁሉ አፏ ውስጥ ቀረ። አስተናጋጇ ሻይ አስቀምጣ ስትወጣ አቶ ወልደ ማርያም በሩ መዘጋቱን አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ለዘብ አድርገው ቀጠሉ።

«ድሬዳዋ ያለው ክፍል ሊቀንስ ነው። ደንበኛው ቁጥር እየተጫነ ራሱን ያስተናግዳል፤ መሣሪያው ተገዝቷል። ከአርባው ስድስት ሰው ይበቃል። ውሳኔው ያለቀ ነው፤ የቀረው ማን ይንገራቸው የሚለው ነው። ከዚህ የሚላክ ሰው ቢነግራቸው ከተማው ይንጫጫል። አንቺን ግን ይሰሙሻል።»

«እኔ ካልነገርኳቸውስ?»

«ሌላ ሰው ይነግራቸዋል። አንቺም የምትሰሚው ከእነሱ ጋር ይሆናል።» ሻያቸውን ቀመስ አደረጉ። «ደመወዝሽ ደግሞ ከሌላ ቦታ አይመጣም፣ ልጄ። ከዚያው ከሚቀነሰው ነው።»

ፊልሳን ሻዩን አልነካችውም። አስባ እንድትመልስ የሁለት ቀን ጊዜ ሰጧት። ወደ ድሬዳዋ የሚበረው አውሮፕላን ውስጥ ሆና ሁሉንም መንገድ ሞከረችው። እምቢ ብል ምን ይተርፋል? ሰዎቹ መባረራቸው አይቀርም። እኔ ብሆን ቢያንስ በደንብ እነግራቸዋለሁ፤ ካሳቸው እንዲጨመር እከራከራለሁ፤ የእናቴንም ዓይን አሳክማለሁ። እንዲህ ስታወጣ ስታወርድ ቆይታ፣ አውሮፕላኑ መሬት ሲነካ ሙቀቱ በሩ ላይ ተቀበላት። በማግስቱ ጠዋት ደውላ እሺ አለች። ሁለተኛውን ቀን አልተጠቀመችበትም።

ስድስቱን እንድትመርጥ ለእሷ ተተወላት። አምስቱ አላስቸገሯትም። ስድስተኛው ላይ የበለጠች ስም መጣ። በለጠች ከሁሉም የቆየች፣ ከሁሉም የተመሰገነች ናት። ፊልሳን ግን ሶማልኛ የማያውቅ ሰው ከስድስቱ አንዱ መሆን አይችልም ብላ ወሰነች፤ ደግሞ ጓደኛዋን አስቀረች እንዳይባል። ሁለቱም ምክንያት ለሰው ሲነገር ያምራል። እውነተኛውን ምክንያት የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፦ ከአርባው ሰው መሀል የወንበሩን ዋጋ የሚያውቅ አንድ ሰው ቢኖር በለጠች ነች። ያን የሚያውቅ ዓይን በየቀኑ ፊት ለፊቷ እንዲቀመጥ አልፈለገችም።

የነገረቻቸው ጠዋት ላይ፣ ተረኛው ሁሉ እንዲገኝ አድርጋ ነው። ስልኮቹ ተዘግተው ክፍሉ ጸጥ ብሎ አያውቅም ነበር። በሶማልኛ ጀምራ በኦሮምኛ አስከትላ በአማርኛ ጨረሰች። ካሳው ከሕጉ በላይ የሁለት ወር ተጨምሮበታል፤ ያንን የተከራከረችው እሷ ናት፤ ያንንም ተናገረች። አንዳንዱ አለቀሰ። አንዱ ጎልማሳ «አላህ ይስጥሽ፣ አንቺ ባትኖሪ ይህንንም አናገኝም ነበር» አላት። ምርቃቱ እንደ ጥፊ አረፈባት።

በለጠች ቀስ ብላ እጇን አወጣች።

«አንድ ጥያቄ አለኝ። የኃላፊው ደመወዝስ አብሮ ቀነሰ?»

ክፍሉ ጥያቄው አልገባውም። ፊልሳን ግን ገብቷታል። «እሱ የዛሬ ጉዳይ አይደለም» አለች።

«ሃዬ» አለች በለጠች፤ በሶማልኛ እሺ ማለት ነው፤ ከምታውቃቸው ጥቂት ቃላት አንዷ። ማዳመጫዋን ነቅላ ገመዱን በሥርዓት ጠቀለለችው፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። የምታውቀውን ለማንም አልተናገረችም። ፊልሳን ክፍሉ እስኪያውቅባት ሳምንታት ጠበቀች፤ ማንም አላወቀም። በለጠች ብትናገርባት ኖሮ ቢያንስ የምትቀየማት ነገር ታገኝ ነበር።

ከወራት በኋላ ከዚራ፣ ከዛፎቹ ሥር ተገጣጠሙ። በለጠች አንድ መድኃኒት ቤት ካሸር ሆና ተቀጥራለች፤ ነጭ ጋዋን ለብሳለች። ፊልሳን ከመኪናዋ ወርዳ ልታቅፋት ሄደች። በለጠች እጇን ዘረጋችላት።

«እንደምን አሉ? ቤተሰብ ደህና ነው?» አለቻት።

«በለጠች፣ እባክሽ፣ እርስዎ አትበይኝ።»

«ሥራ ይዤ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብላ ገባች። የመድኃኒት ቤቱ መስታወት በር ተዘጋ።

አዲሱ አሠራር ግን ሥራ ላይ ዋለ። ደንበኛው ሲደውል መሣሪያው ቋንቋ ያስመርጠዋል፤ ከዚያ ቁጥር፣ ከዚያ ሌላ ቁጥር። ሰው ለማግኘት ከዚያ ሁሉ በኋላ ወረፋ ነው። ወር በወር ለአዲስ አበባ የሚላከው ሪፖርት ያማረ ነበር፤ የጥሪው ብዛት በግማሽ ወርዷል። ቅሬታው ስለቀነሰ አልነበረም። ሰው ስለተወው ነው። ፊልሳን ይህን ታውቃለች። ሪፖርቱ ላይ ግን «ተሻሽሏል» ብላ ፈረመች፤ በዓመቱ መጨረሻም ጉርሻው ገባላት።

የመጋላ ሰው ስልኩን ቢተው ቤቷን ያውቃል። መጀመሪያ የመጣችው ኹርሲ የምትባል የግመል ወተት ነጋዴ ናት። የወተት ገንዘብ ወደተሳሳተ ቁጥር ልካ፣ መሣሪያው ሲያዞራት ውሎ፣ በመጨረሻ «ልጅሽ አይደለች ወይ አለቃዋ?» ብላ ካፊያ ደጅ ተቀመጠች። ካፊያ ውሃ ሰጠቻት፤ ችግሩን አንድ በአንድ ሰማቻት። ማታ ፊልሳን ስትገባ ነገረቻት።

ፊልሳን በማግስቱ ቢሮዋ ገብታ ልታስተካክለው ሞከረች። ኮምፒውተሯን ስትከፍት የሚታያት የወሩ ግራፍ ነው፤ የደንበኛን ሒሳብ የሚከፍተው የይለፍ ቃል ለኃላፊ አይሰጥም። ወደ ስድስቱ ስትደውል መስመሩ ተይዟል። ወንበሯ ላይ ተደግፋ፣ እንደ ማንኛውም ሰው፣ ሙዚቃውን እያዳመጠች ወረፋ ጠበቀች። ገንዘቡ የት እንደገባ ሲታወቅ ተቀባዩ አውጥቶ ጨርሶታል። ድርጅቱ በደንበኛ ስህተት ለሄደ ገንዘብ ኃላፊነት እንደሌለበት የሚገልጽ አጭር መልእክት ለኹርሲ ላከ። በአማርኛ ነበር፤ ኹርሲ አማርኛ አታነብም።

ፊልሳን ከኪሷ ከፈለቻት። ኹርሲም ድርጅቱ የመለሰላት መስሏት እጇን ዘርግታ መረቀች፤ ያየችውን ሁሉ ለገበያው አወራች። በሳምንቱ የካፊያ ደጅ ላይ አምስት ሴቶችና አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር።

«ለአንዷ ከፍለሽ ለሌላዋ ልትተይ ነው?» አለቻት እናቷ።

«ሆዮ፣ ለሁሉም ልከፍል አልችልም።»

«ስንት ነው የሚከፍሉሽ?»

እናቷ ይህን ጠይቃት አታውቅም ነበር። ፊልሳን ነገረቻት። ካፊያ ቁጥሩን በልቧ ደገመችው፤ መነጽሯን አወለቀች፤ መነጽሩ ከዓይን ሕክምናው በኋላ የተገዛ ነው።

«በፊት እዚያ ክፍል ውስጥ የነበሩት ሰዎች ደመወዝ፣ ሁሉም ተደምሮ ነው?» አለች።

ፊልሳን ቦርሳዋን አንስታ ወደ ክፍሏ ገባች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ቤት የምትመለሰው ደጁ ሲበተን ጠብቃ ሆነ። መኪናዋን ከመንገዱ ማዶ አቁማ ታያቸዋለች፤ እናቷ መሀላቸው ተቀምጣ ታዳምጣለች፣ አንዳንዴ ትቆጣለች፣ አንዳንዴ ታስቃቸዋለች። አንድም ነገር ልታደርግላቸው አትችልም። ሰዎቹ ግን ሲነሡ ፊታቸው ቀለል ብሎ ይሄዳሉ። ይህን ማየት ከሁሉ ነገር በላይ ፊልሳንን ያንገበግባት ጀመር።

ከዚራ ሦስት መኝታ ቤት ያለው፣ ግቢው የተነጠፈ ቤት ተከራየች። በር ላይ ጥበቃ አለ፤ ያልተጠራ ሰው አይገባም። እናቷን ወስዳ አሳየቻት። ካፊያ በየክፍሉ እየዞረች አየች፤ የቧንቧውን ውሃ ከፍታ በእጇ ነካችው፤ «ማሻአላህ» አለች። ከዚያ ነጠላ ጫማዋን ፈልጋ አደረገች።

«መቼ ነው ዕቃሽን የማመጣልሽ?»

«እኔ አልመጣም፣ ልጄ። ሰዎቹ መጥተው ሲያጡኝስ?»

ፊልሳን የስድስት ወር ኪራይ ከፍላለች። ቅዳሜ ለብቻዋ ገባች።